ከሳጥኑ ላይ አለመነሳት

አምስት ዓመት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ሳጥን ላይ መቀመጥ ነበር። ቀልዴን አይደለም። ሶዶ ውስጥ ባለ የመብራት ጥገና ክፍል በተለማማጅ መሐንዲስነት ለስድስት ወር ተመደብኩ፤ ከስድስቱ ወር አብዛኛውን ያሳለፍኩት አረንጓዴ ቀለሙ በተላላጠ የብረት መሣሪያ ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኑ ላይ ባልተቀመጥኩበት ሰዓት ደግሞ ፒካፑ ውስጥ እግሬ መሃል ይዤው እሄዳለሁ።

ከሥራ ስመለስ እናቴ "ዛሬስ ምን ሠራሽ?" ትለኛለች።

"ተቀመጥኩ።"

"እስከ ስንት ሰዓት?"

"እስከ ዘጠኝ።"

እናቴ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። እሷም ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስለምትውል መቀመጤ አልደነቃትም። የደነቃት ለዚህ አምስት ዓመት ማስፈለጉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የገጠር መስመር ሲጠገን መብራቱ የሚቋረጠው፣ መስመሩ ከዋናው ተገንጥሎ በሚወጣበት ምሰሶ ላይ ያሉትን ሦስት የፊውዝ ቱቦዎች በረጅም ዱላ በመንቀል ነው። አንዱ ቱቦ ክንድ ያህላል። ሦስቱ ከተነቀሉ ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቦ ሁሉ ሙት ነው፤ ሰው በእጁ ሊይዘው ይችላል። ሦስቱ ከተመለሱ ሽቦው ነፍስ ይዘራል፤ የያዘው ሰው ደግሞ በተቃራኒው። ስለዚህ ሰው ምሰሶ ላይ እስካለ ድረስ ቱቦዎቹን ማንም እንዳያገኛቸው ማድረግ ያስፈልጋል። መመሪያው ለዚህ የሚቆለፍ ቁልፍ፣ ቀይ ሰሌዳና የፈቃድ ወረቀት ያዛል። ወረቀቱን እንሞላለን። ቁልፉ ዝጎ አንድ ቀን አልከፈት ብሎ ቀርቷል። ቀዩን ሰሌዳ አንዱ የመንገድ ዳር ነዋሪ ለዶሮ ቤቱ መዝጊያ ወስዶታል። ቡድናችን በነሱ ምትክ ቱቦዎቹን ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ሰው ያስቀምጥበት ነበር። ሰውየው እኔ ነበርኩ።

ይህን ሥርዓት ያመጣው ፎርማናችን ነው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበር፤ በዚያ ዕድሜው አሁንም ምሰሶ ይወጣል። ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ምሰሶ ከመውጣቱ በፊት ቆቡን አውልቆ፣ ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ በወላይትኛ ይጸልያል። ጸሎቱ አጭር አይደለም። የፒካፑ ሹፌር እንደነገረኝ ከሆነ በውስጡ ቤተሰቡ፣ ቡድኑ፣ አገሩና የመሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ በየተራ ይጠቀሳሉ። አማርኛውን የለመደው በትምህርት ቤትና በሥራ ስለሆነ "አንተ"ን እና "አንቺ"ን እንደመጣለት ነው የሚጠራው። እኔን ሁልጊዜ "ኢንጅነር" ይለኛል፤ ያሾፍብኝ ይሁን ያክብረኝ እስከ መጨረሻው ሳምንት አላወቅኩም።

የመጀመሪያው ቀን ሥራችን ወደ ኦቶና በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ቱቦዎቹ ተነቅለው ሳጥኑ ውስጥ ገቡ፣ እኔም ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ፎርማኑ ሽቦ ሊወስድ ወደኔ መጣ። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲመጣ ብድግ ማለት ከእናቴ ቤት ይዤው የወጣሁት ነገር ነው። እኛ ቤት እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ብድግ ያላለ ልጅ፣ እንግዳው ሲሄድ ለምን እንዳላለ ይጠየቃል። እናም ብድግ አልኩ፣ "ኖር" አልኩ፣ ቦታዬንም ለቀቅኩለት።

ፎርማኑ ቆመ። ሳጥኑን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

"ላይ ሰው አለ ወይስ የለም?" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። አንድ ሰው ምሰሶ ላይ ነበር።

"አለ፣ ጋሼ።"

"አንተ ለምን ተነሳህ?"

"እርስዎ ሲመጡ ነው።"

"እኔ ብመጣ አትነሳ። ሥራ አስኪያጅ ቢመጣ አትነሳ። እናትህ ብትመጣ አትነሳ።" ትንሽ አሰበ። "እናትህ ይቅርታ ታደርጋለች።"

ከዚያ ሥርዓቱን አስተማረኝ። ሥራው ሲያልቅ እሱ "ሁሉም ወርዷል?" ብሎ ይጠይቃል። ሳጥኑ ላይ ያለው ሰው በዓይኑ አይቶ "ወርዷል" ይላል። ያኔ ብቻ "ተነሳ" ይባላል። በስልክ የለም፣ "እገሌ ብሏል" የለም። እንዴት እንደማውቅም ነገረኝ፤ ምሰሶ የሚወጡት ሰዎች የራሳቸውን ጫማ አውልቀው የመውጫውን ቦት ሲያጠልቁ፣ ጫማቸውን ሳጥኑ አጠገብ ይተዋሉ። ጫማ ካለ ሰው አለ።

በዚህ መሠረት የሥራ ድርሻዬ ሲተነተን ጫማ ጠባቂነትም ይጨመርበታል። አብረውኝ የተመረቁ ልጆች አንዱ ግድብ ላይ፣ አንዱ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ናቸው። በስልክ ቡድናችን ውስጥ ፎቶ ይልካሉ። እኔ አንድ ቀን የሁለት ጥንድ ጫማ ፎቶ ላክሁ። ማንም አልመለሰልኝም።

ከሁለቱ ጥንዶች አንዱ የፎርማኑ ነው፤ ተረከዙ ወደ ውጭ የተበላ ቡኒ ጫማ። ሌላው የወጣቱ የመስመር ሠራተኛ ነው። ይህ ልጅ በኔ ዕድሜ ነበር፣ ፈጣንና ወሬኛ። በዚያን ሰሞን ዲምቱ ወዳለች አንዲት አስተማሪ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ነበር፤ ለዚያ ቀን ብሎ ጥቁር ሹል ጫማ ገዝቷል። ጫማው ጠባብ ስለሆነበት ከቀኑ በፊት ሊያሰፋው ሥራ እያደረገው ይመጣል። ሲያወልቀው ካልሲውን ውስጡ ይከታል፣ ስልኩንም ከካልሲው ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በካርቶን ይሸፍነዋል።

"አቧራ እንዳታስነኪው" ይለኛል በየቀኑ።

"ምን ላድርገው? ልቀመጥበት?"

"ሳጥኑ ላይ ቦታ ካለ እሱንም አስቀምጪው።"

ስድስቱ ወር ሲያልቅ ፎርማኑ የግምገማ ቅጽ ይሞላልኛል። ከሦስታችን ተለማማጆች ውስጥ በቋሚነት የሚቀጠረው አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ወንዶች በሌላ ቡድን ነበሩ፤ አንዱ ምሰሶ እየወጣ ፎቶ ይነሳል። ሥራውን እፈልገው ነበር። ሶዶ ውስጥ፣ እናቴ ዘንድ ሆኜ፣ በተማርኩት ልሠራ። ይህን ያህል ሳጥን ላይ ተቀምጬ በመጨረሻ ቤት መቀመጥን በጣም ፈርቼው ነበር።

የማወራለት ቀን የመጣው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ሁምቦ ውስጥ አንድ ቀበሌ መብራት ከጠፋበት ቀናት ሆኖት ነበር። ጠዋት ከሶዶ ስንወጣ የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ሹራብ ደርበን ነበር፤ ሁምቦ ስንደርስ ሹራቡን ማየት ራሱ ያልባል። ከመንገዱ በታች ወፍጮ ቤት አለ፤ በቆሎ የጫኑ አህዮችና ባለቤቶቻቸው ጥላ ፈልገው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ቱቦዎቹን ነቀልን፤ ሳጥኑ ምሰሶው ሥር ተቀመጠ፤ እኔም ተቀመጥኩ።

ብልሽቱ ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ከአጠገባችን ሁለተኛው ምሰሶ ላይ ነው፤ ሽቦውን የሚይዘው የሸክላ ስኒ ተሰንጥቋል። ሌላው ከኮረብታው ጀርባ፣ ዛፍ መልሶ በተተከለበት በኩል፣ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ወድቆ ነው። ፎርማኑ የቅርቡን ያዘ፣ ወጣቱን ወደ ኮረብታው ጀርባ ላከው። ጥቁሩ ጫማ በካርቶን ተሸፍኖ በስተቀኜ፣ ቡኒው በስተግራዬ ቀረ። ሹፌሩ ደግሞ ዝንብ አላስቆም አላስቀምጥ ስላለው፣ ወጣቱ ሙቀቱን ፈርቶ መኪናው ላይ ጥሎት የሄደውን ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያ ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ርቆ ያለ ግራር ሥር ተኛ። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሥራዬ ነው።

ፎርማኑ ጨርሶ ሲወርድ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ጠዋት ምንም አልበላም ነበር፤ ከሶዶ ስንነሳ ቤት የተቀቀለ፣ ድንች መሳይ ቦዬ በሚያቃጥል ዳጣ ይዤለት መጥቼ "ከሥራ በኋላ" ብሎኝ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል። ቡኒ ጫማውን አጠለቀ፣ ውኃ ጠጣ። ከታች የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዱቄት በዱቄት ሆኖ መጣ፤ ሦስት ሴቶችም ተከትለውታል።

"አለቀ?" አለ ባለወፍጮው።

"አለቀ" አለ ፎርማኑ። ረጅሙን ዱላ አነሳና ወደኔ ዞረ። "ኢንጅነር፣ ተነሺ።"

"ሁሉም ወርዷል?" አላለም። ወይ ረሳው፣ ወይ መልሱን የያዘው መሰለው።

"ጋሼ፣ አንዱ አልወረደም" አልኩ።

"ወርዷል። ከላይ ሆኜ አይቼዋለሁ።" በዱላው ወደ ግራሩ አመለከተ። "ያውና ተኝቷል።"

ከሩቅ የሚታየው ብርቱካናማው ሰደርያና ሁለት እግር ነው።

"እሱ ሹፌሩ ነው።"

"ሹፌር ሰደርያ የለውም።"

እውነቱን ነው፤ ሹፌር ሰደርያ የለውም። በዚህ ላይ የሃያ ዘጠኝ ወይ የሠላሳ ዓመት ልምድ አለው፤ እኔ የስድስት ወር መቀመጥ። ግን ጥቁሩ ጫማ በስተቀኜ ነበር። ካርቶኑን አንስቼ አሳየሁት።

"ጫማው እዚህ ነው፣ ጋሼ።"

ፎርማኑ ስልኩን አወጣና ለወጣቱ ደወለ። ጫማው ውስጥ መዝሙር ጀመረ። ሁላችንም ጫማውን እያየን አንድ ስንኝ ሙሉ አዳመጥን።

"ስልኩን ትቶ ተኛ" አለ ፎርማኑ ስልኩን ዘግቶ። "ሰነፍ ነው፣ ጫማም አይለውጥም። ተነሺ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ሄደው ይዩት ልለው ፈለግኩ። እኔ ሄጄ እንዳላይ ከተነሳሁ ሳጥኑ ባዶውን ይቀራል። እሱን በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ዕድሜ፣ "ሄደው ይቀስቅሱትና ይምጡ" ብሎ ማዘዝ ደግሞ ለአፌ ከበደው። ዛሬ ሳስበው መፍትሔው ይኸው ነበር፤ መቶ እርምጃ ያህል። ያኔ ግን ትልቅ ሰው ከማዘዝ ትልቅ ሰው አለመታዘዝ ቀለለኝ። ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም። ምናልባት አለመታዘዝ አፍ መክፈት ስለማይጠይቅ ነው። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

"አንተ፣ ተነሳ አልኩህ።"

ሲቆጣ ሁልጊዜ ወንድ እሆናለሁ።

ተቀመጥኩ።

ባለወፍጮው "ምንድን ናት እሷ?" ብሎ ጠየቀ። ፎርማኑ "ተለማማጅ" አለው። ከሴቶቹ አንዷ፣ ጠና ያለችው፣ ምርኩዟን ተደግፋ ትክ ብላ አየችኝና "ሽማግሌ ቆሞ ልጅ ተቀምጣ" አለች። ጮክ ብላ አይደለም፤ ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ቀን ሁሉ ያንን ያህል የጎዳኝ ነገር የለም። እናቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አፈሰሰም። በሁለት እጄ የሳጥኑን ጠርዝ ይዤ አለቀስኩ። ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ቢጎትቱኝ እነሳ ነበር። ግን ሴት ልጅን ከተቀመጠችበት የሚጎትት ሰው እዚያ አልነበረም፤ ሁሉም ጨዋ ነው።

"ኢንጅነር" አለ ፎርማኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስድስት ወር ጥሩ ሠራሽ። በመጨረሻው ሳምንት በሰው ፊት ታሳፍሪኛለሽ?"

"እርስዎ ነዎት አትነሺ ያሉኝ።"

"አሁንም እኔ ነኝ ተነሺ ያልኩሽ።"

ጫማውን አነሳሁና እቅፌ ውስጥ አስቀመጥኩት። እንደዚያ ቆየን፤ እሱ ቆሞ፣ እኔ ተቀምጬ፣ ሴቶቹ እኔን እያዩ። አንድ አህያ ጭነቱን ሊጥል ሞክሮ ባለቤቱ ሊያቃናው ሄደ።

ወጣቱ ከኮረብታው ጥግ ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየችው ያችው ባለምርኩዟ ናት። የመውጫውን ቦት እንዳደረገ፣ ቀበቶው ወገቡ ላይ፣ ክንዱ በእሾህ ተጫጭሮ፣ እያለከለከ መጣ።

"ይሄ ቅርንጫፍ ሽቦውን እንደ እባብ ተጠምጥሞበት" አለ ገና ሳይደርስ። "ሁለቴ ወርጄ ሁለቴ ወጣሁ። ገና አሁን ነው የለቀቀኝ። ውኃ ማን ጋ ነው?" ከዚያ እቅፌን አየ። "አቧራ አስነካሽው አይደል?"

በዚሁ ጊዜ ግራሩ ሥር ሹፌሩ ተነስቶ ተቀመጠና ሰደርያውን ከፊቱ ላይ አወረደ።

ፎርማኑ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ዱላውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አጋደመው። ቆቡን አወለቀና ከሳጥኑ አጠገብ፣ አፈሩ ላይ፣ ከኔ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ መሃል ከተታቸው። ወጣቱ ጫማውን ከእቅፌ ወስዶ በካልሲው ወለወለው፣ አጠለቀው፣ ስለ ጥበቱ ተራገመ። ከሁላችን ምንም ያልገባው እሱ ብቻ ነበር።

"ሁሉም ወርዷል?" አለ ፎርማኑ።

"ወርዷል" አልኩ።

"ተነሺ።"

እግሬ ደንዝዞ እምቢ አለኝ። እጁን ሰጠኝና ተነሳሁ።

ወደ ሶዶ ስንመለስ ሳጥኑን እሱ ይዞት ሄደ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ። ቦዬውን ሰጠሁት፤ ግማሹን በልቶ ግማሹን መለሰልኝ። ወጣቱ መንገዱን ሙሉ ስለ ሽማግሌዎቹ አወራ፤ ማን አፈ ጮማ እንደሆነ፣ ማን ቶሎ እንደሚያኮርፍ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ቢሮው ስገባ ፎርማኑ ከሁለት የክፍል ኃላፊዎች ጋር ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ቅጼ ተዘርግቷል።

"ቴክኒክ ጥሩ፣ ሰዓት ማክበር ጥሩ" አለ ሥራ አስኪያጁ እያነበበ። "የአለቃን ትእዛዝ መቀበል፤ ዝቅተኛ። ይኼ ምንድነው?" እኔን አየኝ። "ከሌሎቹ ሁለት ልጆች ዝቅተኛ የተሰጠው የለም።"

እውነቱን ብናገር ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረውን ሰው መክሰስ ነው። ባልናገር ሥራው ሄደ። ወለሉን አየሁ። አኩርፌበት ነበር፣ አልደብቅም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ "ዝቅተኛ" ይጽፋል ብዬ አልጠበቅኩም።

ያኔ ፎርማኑ ከወንበሩ ተነሳ። አንዱ ኃላፊ ሊወጣ መስሎት እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀለት።

"ሁምቦ ላይ ሰው ምሰሶ ላይ እያለ ቱቦ ልመልስ ተነሺ አልኳት" አለ ቆሞ። "ወርዷል ብዬ ነው። አልወረደም። ሦስቴ አዘዝኳት፣ ሦስቴ እምቢ አለች። ልጁ አሁን ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል።"

የሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶ ቅጹ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"ታዲያ ይቺን ነጥብ እናስተካክላት?" አለ በመጨረሻ።

"አይስተካከልም። እውነት ነው የጻፍኩት። ትእዛዝ አትቀበልም። ቅጠሯት ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ከታች አለ፣ አንብበው።"

እኔን ወጥቼ እንድጠብቅ ነገሩኝ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ከበሩ ጀርባ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማኛል፤ "ማስጠንቀቂያ" የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተለይቶ ተሰማኝ፣ በኔ ስም እንዳልሆነም ገባኝ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ፎርማኑ ወጣ። አንድ የታጠፈ ወረቀት በእጁ ይዟል፤ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ወደኔ ሲመጣ ልነሳ ፈለግኩ፣ ግን ምን እንደሚል አላወቅኩምና ግማሽ ላይ ቀረሁ፤ ወንበሩን በሁለት እጄ እንደያዝኩ። ያንን አየ። ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ቃኘ፣ ጣራውንም ቀና ብሎ አየው።

"ላይ ማንም የለም፣ ኢንጅነር" አለ። "አሁን ተነሺ።"

ብድግ አልኩ።